እጅ ቋንቋን ሲተካ፦ ያልተፈለገ ንክኪ በወሎ የሥራ ቦታዎች

የስፌት ማሽኖች ድምፅ በሞላው አዳራሽ ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ አንድ ሱፐርቫይዘር የተጣመመ ስፌት ያያል። ማሽኑ ላይ የተቀመጠችው ወጣት ከወረኢሉ የመጣች ናት። የእሱን ቋንቋ አታውቅም፣ እሱም የእሷን አያውቅም፤ አስተርጓሚው ደግሞ ሌላ መስመር ላይ ነው። ሰውየው ከኋላዋ ቆሞ ያጎነብሳል፣ ሁለቱንም እጆቿን ይይዛል፣ ጨርቁን በእሷ እጅ እየገፋ ያሳያታል። ሲጨርስ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወደ ቀጣዩ ማሽን ያልፋል። እሱ አስተማርኩ ብሎ ነው የሄደው። እሷ ግን ባልደረቦቿ ሁሉ እያዩ አንድ ባዕድ ወንድ ጀርባዋ ላይ ተደግፎ እጇን ይዟል፤ ማታ ቤቷ ስትገባ ለማንም አትናገረውም።

ይህ የአንድ ድርጅት ታሪክ አይደለም። የተለያየ አገርና ባህል ሰዎች አንድ ጣሪያ ሥር በሚውሉበት ቦታ ሁሉ ሊደርስ የሚችል ነው። ሰውየው ክፉ ሐሳብ ነበረው ብንል ጉዳዩ ይቀል ነበር፤ ለክፉ ሐሳብ ስምም አንቀጽም አለን። የሚከብደው ክፉ ሐሳብ በሌለበት፣ ወይም መኖሩን ማንም ሊያረጋግጥ በማይችልበት ጊዜ ነው። በእኔ እምነት በሥራ ቦታ ስለሚደረግ ንክኪ ስንመረምር የነካው ሰው ምን አስቦ ነበር ከሚለው ጥያቄ በፊት ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት፦ የተነካው ሰው ሳይፈራ እምቢ ማለት ይችል ነበር ወይ?

ወሎ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ያለው አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ቻይናውያን ተቋራጮች የገነቡት የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ደግሞ ከእስያ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ አምራቾች ገቡበት። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀውን የባቡር መስመር የገነባው የቱርክ ተቋራጭ ነው። ሠራተኛው ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከተሁለደሬ፣ ከከሚሴ ዙሪያ፣ አንዳንዱም ከአፋር ይመጣል። አማርኛ ተናጋሪው፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው፣ አርጎባው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ከባዕዱ ሱፐርቫይዘር ጋር ከመገናኘታቸው በፊት እርስ በርሳቸውም በአንድ ዓይነት ሥርዓት ሰላምታ የሚለዋወጡ አይደሉም።

በእንዲህ ዓይነት ቦታ ንክኪ የሚበዛው ሰዎች ስለባለጉ ብቻ አይደለም። ሥራው ራሱ ይገፋፋል። የማሽኑ ጩኸት ስምን ጠርቶ ማሰማት አያስችልም፣ የጋራ ቋንቋ የለም፣ የዕለቱ የምርት ግብ ደግሞ በሰዓት ተከፋፍሎ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። የመስመር ተቆጣጣሪው ከግቡ ወደ ኋላ በቀረ ቁጥር እጁ ይፈጥናል። መጀመሪያ ክንድ ነካ ያደርጋል፣ ቀጥሎ እጅጌ ይጎትታል፣ ከዚያ ትከሻ ገፋ ያደርጋል፤ በመጨረሻ ጆሮ መቆንጠጥና አናት መምታት ላይ የሚደርስም አለ። አንዱ ከሌላው የሚለይበት መስመር ስለማይታይ ማንም «ዛሬ አለፍኩ» አይልም። ንክኪውን የሚያዩት አገር በቀል የመስመር ኃላፊዎችም ያንኑ ይማራሉ። ያሳዝናል፣ ግን መነገር ያለበት ነው፦ በእናት ቋንቋው ሊያስረዳት የሚችለው የአገሯ ልጅ ጭምር እንደ ባዕዱ በእጁ መናገር ይጀምራል።

መፍትሔው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ሱፐርቫይዘር «ቁሚ»፣ «እዪኝ»፣ «ድገሚው»፣ «ልክ ነው»፣ «ይህ ስህተት ነው» የሚሉትንና የመሳሰሉትን ጥቂት ቃላት በአማርኛና በኦሮምኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊይዝ ይችላል። ስፌቱን ማሳየት ከፈለገ ሠራተኛዋ ተነሥታ እሱ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ማሳየት ይችላል። ትኩረት ለመሳብ ጠረጴዛውን ማንኳኳት ወይም ማሽኑ ላይ የተተከለች ትንሽ መብራት ማብራት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሳይሞከር «በጩኸት ውስጥ ሌላ ምን ላድርግ?» ማለት ሰበብ ነው።

ለውጭ ዜጎች በሚሰጠው የባህል ገለጻ ላይም ቅሬታ አለኝ። ኢትዮጵያውያን መነካካት የሚወዱ፣ ሲገናኙ የሚሳሳሙ፣ ተያይዘው የሚሄዱ ሕዝቦች ናቸው ተብሎ ይነገራቸዋል። ሐሰት አይደለም። በደሴ ፒያሳ ሁለት ወንድ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ማንም ዞሮ አያያቸውም። ሴቶች ጉንጭ ለጉንጭ ደጋግመው ይሳሳማሉ፣ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ፣ ልጆች የሸኹን ወይም የቄሱን እጅና መስቀል ይሳለማሉ። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ፣ ማለትም የመንገድ ወሬ፣ ከመለዋወጣቸው ጋር አንዱ የሌላውን እጅ ይስማል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ማን ከማን ጋር የሚለውን አጥብቆ የሚጠብቅ ነው፤ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ዝምድና፣ ወዳጅነትና ሃይማኖት ይወስኑታል። ብዙ ሙስሊም ሴቶች አጅነቢ፣ ማለትም የቅርብ ዘመድ ያልሆነ፣ ከሆነ ወንድ ጋር አይጨባበጡም፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። በወሰኑ ውስጥ ሞቅ ያለው ንክኪ ከወሰኑ ውጭ ነውር ነው። የውጭው ሰው ሞቅታውን ብቻ አይቶ ወሰኑን ሳያይ ሲቀር፣ በአገሩ የማያደርገውን በእኛ ልጆች ላይ እንዲያደርግ ራሳችን ፈቃድ የሰጠነው ይመስለዋል።

ወሎ ግን ከማንም በላይ ለሥራ ቦታ የሚበጅ ልምድ በእጁ አለው። ሠርግ በሚደገስበት ቤት የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ እንግዳው ሁሉ የራሱን ይበላል። «ለምን የእኔን አትበላም?» ብሎ የሚቆጣ ደጋሽ የለም። ወንድየው የጎረቤቱን ሚስት መንገድ ላይ ሲያገኝ መጀመሪያ እጇን ያያል፤ ከዘረጋች ይጨብጣል፣ ደረቷ ላይ ካደረገች እሱም ደረቱ ላይ ያደርጋል። ምክንያት አይጠየቅም፣ ማንም አልተናቀም። የሌላውን ሰው ወሰን መጠበቅ ቅዝቃዜ ሳይሆን ፍቅር የሆነበት አገር ነው። አንድ ድርጅት ከሌላ አህጉር የተቀዳ የሥነ ምግባር መመሪያ ከማስተርጎሙ በፊት ይህን የጎረቤት ወግ ወደ አዳራሹ ቢያስገባ ብዙ ርቀት ይሄዳል፦ የበታች የሆነው፣ እንግዳ የሆነው፣ ወይም ሴት የሆነችው ቀድማ ታሳይ፤ ሌላው ይከተል።

ሰላምታ በዘመናት የጸና ስለሆነ በመመሪያ አይቀየርም የሚል ክርክር አለ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጨባበጥ ቀርቶ እጅን ደረት ላይ ማድረግና በክርን መነካካት ተለመደ። ለቀስተኛው እንኳ ከሩቅ አጎንብሶ «አብሽሩ» ብሎ ሄዷል። ምክንያቱ የገባው ሰው ልማዱን መቀየር ይችላል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳንና ጾታዊ ጥቃትን ለይቶ ይተረጉማል። ትንኮሳ ሌላውን ሰው ያለ ፈቃዱ ለወሲብ ፍላጎት እንዲገዛ በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ማግባባት ነው። ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ሲታከልበት ጥቃት ይሆናል። አንቀጽ 14 ሁለቱንም ለአሠሪውም ለሠራተኛውም ይከለክላል። በአንቀጽ 32 መሠረት ይህ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው የተፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች፤ ከሥራ ስንብት ክፍያዋ በተጨማሪም የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ ካሳ ይከፈላታል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 625 በሥልጣኑ ወይም በአሠሪነቱ ተጠቅሞ በሥሩ ካለች ሴት ጋር ወሲባዊ ድርጊት የፈጸመን ሰው ይቀጣል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በመግቢያዬ ላይ ያነሣሁትን ሱፐርቫይዘር አይነካውም። ምንም አላግባባም፣ ምንም አልጠየቀም። ለእሱ የሚሆነው አንቀጽ የሚገኘው ብዙ ሰው በማይጠብቀው ቦታ፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። አንቀጽ 2038 ሆን ብሎ የሌላውን ሰው አካል ያለ ፈቃዱ የነካን ሰው በኃላፊነት ይጠይቃል። ቁስል መኖር የለበትም፣ ወሲባዊ ሐሳብም መኖር የለበትም፤ ፈቃድ አለመኖሩ ይበቃል። ተከታዩ አንቀጽ 2039 ደግሞ መከላከያዎችን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህ አንዱ የነካው ሰው ሌላው እንደሚቃወም አስቀድሞ ሊገምት የማይችል ከሆነ ኃላፊ አይሆንም የሚለው ነው።

የባህል ልዩነት ክርክር በሙሉ በዚህች መከላከያ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው «አላወቅሁም» ሊል ይችላል፤ ዳኛም ሊያምነው ይችላል። ነገር ግን ድርጅቱ በቅጥር ቀኑ በሚገባው ቋንቋ ከነገረው፣ ግድግዳ ላይ በሥዕል ከለጠፈው፣ ወይም ሠራተኛዋ አንድ ጊዜ እጇን መንጭቃ ካሳየችው በኋላ አለማወቅ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የጽሑፍ መመሪያ ያለው ጥቅም ሥነ ምግባር ማስተማር ብቻ አይደለም፤ የ«አላወቅሁም» በር ይዘጋል። ለመመሪያ ጊዜ የለንም የሚሉ ሥራ አስኪያጆች በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ እየመረጡ መሆናቸውን ማወቅ አለባቸው።

የሕጉ ድክመትም መሸፈን የለበትም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለውን ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቧል። በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ከወረኢሉ ኮምቦልቻ ተመላልሶ ለመካሰስ የሚወጣውን የመጓጓዣና የምግብ ወጪ አይሸፍንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም የራሱ ክፍተት አለው። የመስመር ተቆጣጣሪ በአዋጁ ትርጉም የሥራ መሪ ነው ወይስ እንደማንኛውም ሠራተኛ ይቆጠራል? ቅጥርና ስንብት የማይወስን ከሆነ እንደ ሠራተኛ የመቆጠር ዕድሉ ሰፊ ነው። ያኔ ሠራተኛዋ ከመልቀቋ በፊት ለአሠሪው ማመልከትና አሠሪው ምንም አለማድረጉን ማሳየት ይጠበቅባታል። በዚህ ሁሉ ላይ በአንቀጽ 33 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብቷ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። ከድንጋጤ ወጥቶ፣ ምስክር ፈልጎ፣ ማመልከቻ ጽፎ ለመጨረስ አጭር ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። እምቢ ማለት የሚችለው ማነው? በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀናት ድረስ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊሰናበት ይችላል። ልጅቷ ኪራይ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ትከፍላለች፣ ለቤተሰቧም ትልካለች። ሱፐርቫይዘሩ ትከሻዋን ሲይዛት ፈገግ ብላ ይሆናል። ያ ፈገግታ ፈቃድ ተደርጎ ሲጠቀስ በጣም ያናድደኛል። በእኛ አስተዳደግ ወጣት ሴት በትልቅ ሰው ፊት አትቆጣም፣ ዓይን ለዓይን አትተያይም፣ ስትጨነቅም ትስቃለች። ከበታች ለሆነ ሰው ዝምታም ፈገግታም መስማማትን አያሳዩም፤ ፈቃድ መኖሩን ማረጋገጥ የበላዩ ኃላፊነት ነው።

ሌላም አለ፣ በዝግታ ልናገረው የሚገባኝ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ በቆቦና በሌሎች አካባቢዎች ሴቶች መደፈራቸውን የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። ያልተመዘገበው ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቁት የደረሰባቸው ብቻ ናቸው። ከእነዚያ ሴቶች አንዳንዶቹ ዛሬ በፋብሪካ፣ በሆቴልና በቢሮ ይሠራሉ። ከኋላ ሳይታሰብ የሚመጣ እጅ ለእነሱ ምን እንደሚያስታውስ አንድም ተቆጣጣሪ አያውቅም፤ የመጠየቅ መብትም የለውም። ይህ ብቻውን ከኋላ መንካትን ከማንኛውም የሥራ አዳራሽ ለማስወገድ በቂ ምክንያት ነው።

አቤቱታ ሲነሣ ደግሞ መንገዱ አስተርጓሚው ላይ ይሰናከላል። ብዙ ጊዜ አስተርጓሚው የሚሠራው ለሥራ አመራሩ ነው፤ አንዳንዴም የዚያው የተከሰሰው ሰው የዕለት ጓደኛ ነው። ሴትየዋ «ከኋላዬ ተለጥፎ ያዘኝ» ብላ የተናገረችው ወዲያ ማዶ ሲደርስ «ሲያስተምራት አልተመቻትም» ሆኖ ይደርሳል። በክፋት ላይሆን ይችላል፤ አስተርጓሚው ራሱ ወንድ ሆኖ ቃሉን ለመናገር ያፍር ይሆናል። ውጤቱ ግን አንድ ነው። አቤት ባይዋ የራሷን አስተርጓሚ፣ ከፈለገችም ሴት አስተርጓሚ የመምረጥ መብት ከሌላት ምርመራው ገና ከመጀመሩ አልቋል።

ከፋብሪካ ውጭ ሲወጣ ጉዳዩ ሽማግሌ ጋር ይደርሳል። የወሎን አበጋሮች አከብራለሁ፤ ደም ያደረቁ፣ መንደርን ከመንደር ያስታረቁ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ሽምግልና የተሠራው ሁለት እኩል ወገኖችን ነገ አብረው እንዲኖሩ ለማድረግ ነው። እዚህ ያሉት እኩል አይደሉም፦ አንዱ ደመወዝ ይቆርጣል፣ ሌላዋ ደመወዟ ይቆረጣል። «ለስምሽ ስትይ ይቅር በይው» ተብላ የተመለሰች ሴት በማግስቱ ያው መስመር ላይ፣ ያው ሰው ሥር ትቀመጣለች። ሽማግሌ መግባት ካለበት እሷ ስትጠይቅ ብቻ፣ ያውም ሰውየው ከእሷ በላይ ካለው ቦታ ከተነሣ በኋላ ይሁን።

ንክኪው ሁልጊዜ ከባዕድ ወደ እኛ አይደለም። ከውጭ የመጣች መሐንዲስ በየማለዳው በአሥር ወንዶች ጉንጯን ስትሳም «ወደናት ነው» እንላለን። ፎቶ ስንነሣ ወገቧን እንይዛለን፣ ፀጉሯን እንዳስሳለን። ምሳ ላይ ፊቷን ስታዞር እንኳ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለን ሁለተኛውን አፏ ድረስ እናደርሳለን። ወንዱ የሥራ ባልደረባም የአገራችን ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ጉልበቱን እንደያዘ ሲቆይበት ሊጨነቅ ይችላል። ፍቅር ነው፤ አልክድም። ግን የእኛ ልጅ እንድትጠየቅ ከፈለግን እኛም መጠየቅ አለብን። የ1952ቱ አንቀጽ የነካው ሰው ዜግነት ምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ሥራው ራሱ መንካትን የሚጠይቅባቸው ሙያዎች ለየት ያለ ጥንቃቄ ይሻሉ። በደሴ ወይም በወልድያ ሆስፒታል ያለ ሐኪም ሳይነካ አይመረምርም። ስለሆነም ከመንካቱ በፊት የት እንደሚነካና ለምን እንደሆነ ይናገራል፣ መጋረጃ ይስባል፣ በሽተኛዋ ከፈለገች ሴት ባለሙያ አጠገቧ እንድትቆም ያደርጋል። የፋብሪካ በር ላይ የሚደረገው ፍተሻ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ ችላ ተብሏል። ጨርቅና ክር እንዳይወጣ ተብሎ ፈረቃ ሲቀየር በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶች ተሰልፈው በችኮላ ይዳሰሳሉ። ፈታሿ ሴት መሆኗ ብቻውን ነገሩን ንጹሕ አያደርገውም። ቦርሳን ከፍቶ ማየት፣ በእጅ የሚያዝ መፈተሻ መሣሪያ መጠቀም፣ አካል መንካት ካስፈለገም በተጋረደ ቦታ፣ በእጅ ጀርባና ምክንያቱን ተናግሮ መሆን አለበት። ንብረት መጠበቅ የአሠሪው መብት ነው። የሠራተኛዋ አካል ግን የፋብሪካው ንብረት አይደለም።

አዋጁ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል፤ ማኅበሩ ደግሞ ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት ይደራደራል። የኅብረት ስምምነቶች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሰርቪስና ስለ ምግብ አበል ያወራሉ፤ ተገቢ ነው። በሚቀጥለው ድርድር ግን ስለ ንክኪ አንድ አንቀጽ ይጨመር። በማስተማር ጊዜ ተቆጣጣሪው ማሽኑ ላይ ራሱ ተቀምጦ እንዲያሳይ፤ አቤቱታ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ በጽሑፍም በቃልም እንዲቀርብና የቀረበበት ቀን ያለበት ደረሰኝ ለአቤት ባይዋ እንዲሰጣት፤ ምርመራው እስኪያልቅ ከመስመሩ የሚነሣው የተከሰሰው ሰው እንጂ እሷ እንዳትሆን፤ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለች ሠራተኛ አቤት ባለች ማግስት ብትሰናበት አሠሪው ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስረዳ። ደረሰኙ ላይ አጥብቄ እቆማለሁ፤ ምክንያቱም 15ቱ የሥራ ቀናት መቆጠር ከጀመሩ በኋላ በእጇ የሚቀረው ማስረጃ እሱ ነው።